በድንጋይ ላይ የቆዩ ቅጥያዎች

በሞንጎሊያ፣ በኦርኾን ወንዝ ሸለቆ፣ ቁመቱ ከሦስት ሜትር የሚበልጥ ሐውልት አለ። እ.ኤ.አ. በ732 ያቆመው የቱርኮች ገዥ ቢልጌ ካጋን ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለሞተው ታናሽ ወንድሙ፣ ለጦር መሪው ለኩል ቲጊን ነው። በአንዱ ገጽ የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የሐዘን መልእክት በቻይንኛ ተቀርጿል። በሌሎቹ ገጾች ያለውን ጽሑፍ ግን ለብዙ ዘመን የሚያነበው አልተገኘም።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ያድሪንትሴቭ ሐውልቱን በ1889 ካገኘው በኋላ የፊንላንድና የሩሲያ ቡድኖች ተከታትለው ወደ ስፍራው ሄዱ፤ የጽሑፉንም ቅጂ በ1892 አሳተሙ። የሩሲያውን ቡድን የመራው ቫሲሊ ራድሎቭ በቱርክ ቋንቋዎች የተካነ ሊቅ ነበር። ቀድሞ የፈታው ግን ዴንማርካዊው ቪልሄልም ቶምሰን ነው፤ ግኝቱን በ1893 መጨረሻ ይፋ አደረገ። መጀመሪያ ካነበባቸው ቃላት መካከል የሰማይ አምላክ መጠሪያ የሆነው «ቴንግሪ»፣ የሟቹ ስምና «ቱርክ» ይገኙበታል።

ግራ ያጋባው የፊደሉ ብዛት ነበር፤ 38 ያህል ምልክቶች አሉት። ምክንያቱ የአናባቢዎች ስምምነት ሆኖ ተገኘ። በቱርክ ቋንቋዎች የቅጥያው አናባቢ የስሙን አናባቢ ይከተላል። ዛሬ በቱርክኛ «በትምህርት ቤት» ሲባል «ኦኩልዳ»፣ «በቤት» ሲባል «ኤቭዴ» ነው። «ዳ» እና «ዴ» አንድ ቅጥያ ናቸው፤ ድንጋዩ ላይ ግን የሁለቱ «ድ» በሁለት የተለያዩ ፊደላት ይጻፋል። አብዛኞቹ ተነባቢዎች እንዲሁ ጥንድ ጥንድ ናቸው።

ጽሑፉ በቢልጌ ካጋን አንደበት ስለተነገረ አገናዛቢው «ም» ደጋግሞ ይመጣል። «ኢኒ» ታናሽ ወንድም፣ «ኢኒም» ታናሽ ወንድሜ፣ «ኢኒሲ» ታናሽ ወንድሙ ነው። የቦታና የአቅጣጫ ቅጥያዎች ከዚህ በኋላ ይቀጠላሉ። አማርኛ «በቤቶቼ» ሲል «በ»ን ከፊት፣ ብዙ ቁጥሩንና ባለቤቱን ከኋላ ያደርጋል። ቱርክኛ ግን «ኤቭሌሪምዴ» ብሎ ሁሉንም ከስሙ ኋላ ያሰልፋል፦ መጀመሪያ ብዛት፣ ቀጥሎ ባለቤት፣ በመጨረሻ ቦታ። ተራው አይዛባም።

ምንም የተለወጠ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። በኦርኾን ድንጋዮች ላይ «ዳ» ለ«በ»ም ለ«ከ»ም ያገለግል ነበር፤ የዛሬው ቱርክኛ «ከቤት» ለማለት «ኤቭዴን» የሚል የተለየ ቅጥያ አለው። ቃላትም ተተክተዋል፤ ኢስታንቡል ውስጥ ወንድሜ የሚባለው «ካርዴሺም» ተብሎ ነው፤ ስሙ ሌላ፣ «ም» ግን ያው ነው።

የቢልጌ ካጋን መንግሥት ሐውልቱ ከቆመ ከአሥራ ጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሶ ኡይጉሮች ቦታውን ያዙ። ቃሉ ግን አልጠፋም፤ «ኢኒ» የሚለውን ስምም «ም» የሚለውን ቅጥያም ሳይለውጡ ከያዙት ቋንቋዎች አንዱ ካዛክኛ ነው፤ አንድ ካዛክ ዛሬም ታናሽ ወንድሙን «ኢኒም» ይለዋል።