የአዋጁን በጆሮ
የሕግ ቋንቋና የሕዝብ ጆሮ በታሪካችን

«የአዋጁን በጆሮ» የሚል የቆየ አባባል አለን። ነጋሪት ተጐስሞበት፣ አገር ሰምቶት ያደረውን ነገር እንደ ምሥጢር ቆጥሮ የሚያንሾካሹክ ሰው የሚዘበትበት ነው። አባባሉ ግን አንድን ነገር ሳይመረምር እንደ እውነት ይወስዳል፤ ይኸውም አዋጅ አንዴ ከተነገረ ሁሉም ሰምቶታል የሚለውን ነው። የአገራችን የሕግ ታሪክ ይህን አያረጋግጥልንም። የተነገረው ሁሉ አልተሰማም፤ የተሰማውም ሁሉ አልተረዳም። በነጋሪቱና በጆሮው መካከል ዘወትር አንድ ሦስተኛ ሰው ሲያስፈልግ ኖሯል፤ ይህም አዋጁን ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ በሚገባ ቋንቋ በጆሮ የሚያደርስ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የዚህን ሰው ታሪክ ነው።

ነገሩን ከእንጦጦ ግርጌ እንጀምር። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ከተራራው ወርዶ በፍል ውሃ ዙሪያ ሲሰፋ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች ሰፋፊ ቦታ ሰጡ፤ ለፈረንሳይ የተሰጠው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከእንጦጦ ተዳፋት ሥር ያለው ነበር። «ሌጋሲዮን» በዚያ ዘመን የዲፕሎማሲ ሥርዓት በማዕረግ ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የመልእክተኛ መሥሪያ ቤት መጠሪያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውሎ አድሮ ኤምባሲ ሆነ፤ ሰፈሩ ግን «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እንደ ተባለ ቀረ። እንጨት ለቅማ ከተራራው የምትወርደው እናት፣ የታክሲው ረዳት፣ ተማሪው፣ ሁሉም በየቀኑ ይጠሩታል፤ ከፊሉም አሳጥሮ «ፈረንሳይ» ይለዋል፤ ፓሪስን የሚያስብ ግን የለም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ሕዝብ ከመንግሥታት መዝገብ የወጣን እንግዳ ቃል ሳይቀር በአፉ አላምጦ የራሱ ሊያደርግ ይችላል። ቃሉ የሚከብደው ባዕድ በመሆኑ ብቻ አይደለም። የሚከብደው ሕዝቡ እንዲዳስሰው፣ እንዲጠይቅበት፣ ከኑሮው ጋር እንዲያገናኘው ዕድል ሳያገኝ ሲቀር ነው።

የጥንቱ አዋጅ ነጋሪ ይህን ያውቅ ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዐድዋው የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም አዋጁ ከሸዋ እስከ ዳር አገር ተዳረሰ። ምክንያቱን መመርመር ይገባል። አዋጁ አጭር ነው። ማን እንደሚከትት፣ መቼ፣ የት፣ የቀረም ምን እንደሚያገኘው ይናገራል። የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት በገበያና በደጀ ሰላም ነው። ከሁሉም በላይ፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ያዛል፤ ስለዚህ ሰሚው ራሱ ሁለተኛ ነጋሪ ይሆናል። ይህን ስንል ያለፈውን ሥርዓት ለማቆንጀት አይደለም። በዚያ ሥርዓት ንጉሡ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይሰማል እንጂ ሕዝቡ ተናግሮ ንጉሡ የሚሰማበት ነጋሪት አልነበረም። የነጋሪው ጥበብ ግን ከሥርዓቱ ተለይቶ ሊጠና ይገባዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የሊቃውንቱ ጉባኤ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፣ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ለዘመናት ዳኛ ሲፈርድበት ኖሯል። ግእዙን ግን ባለጉዳዩ አይሰማውም። ስለዚህ መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ ትርጓሜውን በአማርኛ ያወርዳል፤ አንዱ ፍቺ ካልበቃ «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል። ንባቡ ሳይነካ ይጠበቃል፤ ትርጓሜው ደግሞ ከጎኑ ይቆማል። ሕግን ሳያጐድሉ ማብራራት እንዴት እንደሚቻል የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ አገር በቀል ሥልት አላውቅም።

ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ልዩ ትርጉም ያለው ታሪክ በ1923 ዓ.ም. ይገኛል። ሐምሌ 9 ቀን 55 አንቀጾች ያሉት የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በታወጀ ጊዜ፣ በመኳንንቱና በሹማምንቱ ጉባኤ ፊት ቆመው ትርጉሙን ያብራሩት አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እኒህ ሰው በአማርኛ ቴያትር ታሪክ የመጀመሪያ የሚባለውን፣ ከላ ፎንቴን ተረቶች የተነሣውን የአውሬዎች ኮሜዲያ የጻፉ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት አብራሪና የመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔት አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው። ይህን እንደ አጋጣሚ ብቻ ማየት አይገባም። ሁለቱም ሥራዎች የሚጠይቁት ችሎታ አንድ ነው፤ የረቀቀን ሐሳብ አካል አልብሶ ከተመልካች ፊት ማቆም። ሆኖም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ማብራሪያው የተሰጠው ለመኳንንቱ ነበር። ገበሬው በዚያ አዳራሽ አልነበረም።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1 «ነጋሪት ጋዜጣ» ተቋቋመ። ስሙን የመረጠው ሰው ታሪክ አዋቂ ነበር፤ የከበሮው ስም ለወረቀት ተሰጠ። ሕግ ከዚያ ወዲያ ቁጥርና ቀን ኖረው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታተመ። ማንም ባለሥልጣን «አዋጁ እንዲህ ይላል» ብሎ እንዳሻው የሚናገርበት በር ጠበበ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የነጋሪቱ ስም ወደ ወረቀቱ ሲሻገር የነጋሪው አፍ አብሮ አልተሻገረም። ወረቀቱ ማንበብ የማይችለውን አይጠራውም፤ ያልገባውም ሰው አይጠይቀውም።

ርቀቱ በተለይ የሰፋው ታላላቆቹ የሕግ መጻሕፍት ሲወጡ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ብቻ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ተርጓሚዎቹ የተሸከሙት ሥራ ከባድ ነበር፤ አማርኛም በእነሱ ድካም በልጽጓል። መብትን በጊዜ ብዛት የሚዘጋውን ደንብ «ይርጋ» አሉት፤ «ረጋ» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሁሉ ፍንጩን ያገኛል። የሌላን ሰው ንብረት ይዞ በፍሬው የመጠቀምን መብት «አላባ» አሉት፤ ቃሉ ማለብን ያስታውሳል። ለገበሬው «ላሚቱ የእርሱ ናት፣ ወተቱ ግን ያንተ ነው» ቢባል ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እንግዲህ ቁልፉ በቃሉ ውስጥ ነበር፤ የጎደለው ቁልፉን ይዞ በሩን የሚከፍት ሰው ነው።

ያ ሰው በብዛት የታየው በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ አሰማራ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ፣ አዋጁን ለገበሬው የማስረዳት ሥራ በእነዚህ ወጣቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይላል። ለገበሬው ግን ሄክታር ምንድን ነው? አስረጂው «ሩብ ጋሻ» ማለት ነበረበት። አዋጁ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ቀርቷል ይላል። ፍቺው «ከእንግዲህ ሲሶም እርቦም የለም» የሚል ነው። በእነዚህ አራት ቃላት ውስጥ የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ጉልበት ነበረበት።

በሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠውንም ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ። በየሰፈሩ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ቀበሌ የሚለው ቃልም ከየቤቱ ገባ። «ትርፍ ቤት» የሚለው አነጋገር ብዙ ማብራሪያ አልጠየቀም፤ ባለቤቱም ተከራዩም በሰሙበት ቅጽበት ተረዱት። አንዱ ደነገጠ፣ ሌላው ደስ አለው። ግልጽ ቃል እንዲህ ነው፤ የሚያስከፋውንም የሚያስደስተውንም እኩል ይደርሰዋል።

የዚያ ዘመን ተሞክሮ ግን ማስጠንቀቂያም ትቶልን አልፏል። ብዙ ጊዜ ማብራራትና መቀስቀስ ተቀላቅለው ነበር። አዋጁ የሚሰጠው ጎልቶ ተነገረ፤ የሚጠይቀውና የሚከለክለው ግን ለዘብ ብሎ ታለፈ። ገበሬው በመሬቱ እንደሚጠቀም ሰማ፤ ሊሸጠው፣ ሊያስይዘው፣ ሊያከራየው እንደማይችል የተረዳው ቆይቶ ነው ማለት ይቻላል። በኋላም በዘማቾቹና በደርጉ መካከል ቅራኔ ተፈጥሮ ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ፤ አስረጂ ሲጠፋም አዋጁ እንደገና ወረቀት ሆነ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ለሚሊዮኖች ፊደል አስቆጠረ። ይህ በታሪካችን የማይረሳ ሥራ ነው። ቢሆንም ፊደል መቁጠርና የመንግሥትን ማስታወቂያ መረዳት አንድ አይደሉም፤ የተማረው ሰውም ቢሆን ከሰሌዳ ፊት ቆሞ ግራ ሲገባው እናያለን።

ዛሬስ? የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተቋቁሞ ሥራውን ቀጥሏል። በምክር ቤት የሚወጣው አዋጅ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚወጣው ደንብ በዚያ ይታተማሉ። ዜጋውን በየቀኑ የሚነካው፣ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ ግን ለረጅም ጊዜ በየመሳቢያው ሲኖር ቆይቷል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለማረም ወጣ፤ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ከወጣም በኋላ ተመዝግቦ ይፋ እንዲሆን ያዛል። ሕዝቡ ተናግሮ መሥሪያ ቤት የሚሰማበት ነጋሪት በሕግ ተሰቀለ ማለት ነው። የሚጐስመው ግን ረቂቁን አንብቦ የሚረዳ ዜጋ ሲገኝ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይደነግጋል። ይህ በመላው ዓለም የታወቀ መርሕ ነው፤ ያለ እርሱ ሕግ አይጸናም። ነገር ግን መንግሥት «አላወቅሁም አትበል» ካለ፣ «እንዲያውቅ አድርጌያለሁ» የማለት ዕዳም አለበት። ዕዳው የሚከፈለው በማተም ብቻ አይደለም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ርእስ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበት፣ ካሣ የሚከፈልበትና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን ሁኔታ ለመወሰን የወጣ» የሚል ነው። እንደ ሕግ ርእስ ስሕተት የለበትም። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ተዳፋት ላይ ቤት ያላት አሮጊት ግን የምትጠይቀው ሌላ ነው፤ የሚያስነሣኝ ማን ነው? ለምን? ምን ይከፈለኛል? ወዴት እሄዳለሁ? ቅር ቢለኝ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ አቤት እላለሁ? ለአምስቱም ጥያቄ መልሱ ያለው በአዋጁ፣ በማሻሻያውና በሥሩ በወጡት ደንብና መመሪያ ውስጥ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ ሳታውቅ ቀኑ ካለፈባት፣ መብቷ በወረቀት ላይ እንዳለ ከእጇ ይወጣል። ሕግን በግልጽ ቋንቋ የማስረዳት ጉዳይ የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ የማን ነው? በሕዝብ መካከል የሚሠራው ካድሬ፣ መምህሩ፣ የኪነ ጥበብ ባለሙያው በዚህ ታሪክ ውስጥ ተራቸው ደርሷል። ከነጋሪው አጭርነትን፣ ከአንድምታው መምህር ንባቡን ሳይነኩ ማፍታታትን፣ ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት አካል ማልበስን፣ ከዘማቹ ሄክታሩን ወደ ጋሻ መመንዘርን መውረስ ይገባናል። ከዘማቹ ስሕተትም ማብራራት ማሳመን እንዳልሆነ መማር አለብን። አዋጁን የምናስረዳ ሰዎች የሚጥመውን ብቻ መርጠን ካሰማን፣ ሕዝቡ በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን ስንናገርም አያምነንም። የሚሰጠውንም የሚነሣውንም፣ ግዴታውንም የአቤቱታውንም በር እኩል መናገር የአስረጂ ክብር ነው።

አባባላችን በዚያ የአዋጁን በጆሮ በሚናገረው ሰው መዘበቱን ቢቀጥልም አንከፋም። ነጋሪቱ ተጐስሟል፤ ጋዜጣውም ታትሟል። ከእንጦጦ ሥር እስከ ዳር አገር ያለው ጆሮ ግን ዛሬም ቀርቦ የሚናገረውን ሰው ይጠብቃል።