አሂናሂና፤ የሃሌአካላው “ጅብራ”

ሞቃታማ ደሴት ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ህሊናችን የሚመጣው ኮኮናትና አሸዋማ የባህር ዳርቻ ነው። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን እዚያው ደሴት አናት ላይ ስለሚጥለው ውርጭ ነው።

በሃዋይ፣ ማዊ ደሴት ላይ የሚገኘው የሃሌአካላ እሳተ ገሞራ ተራራ ከባህር ወለል በላይ 3 ሺህ 55 ሜትር ከፍታ አለው። ታች ሰው በባህር ሲዋኝ በዋለበት ዕለት፣ ጫፉ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ሊያድር ይችላል። ልክ እንደ ስሜን ተራሮች ሁሉ፣ እዚያም ትልቁ የሙቀት ልዩነት በበጋና በክረምት ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ነው። በዚህ ላይ ከ2 ሺህ ሜትር ገደማ በላይ ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶ ደመናውን ከታች ያስቀረዋል። ስለዚህ የተራራው ወገብ ጫካ ሲለብስ አናቱ ደረቅ ነው።

በዚህ ስፍራ የሚኖረው ተክል አሂናሂና ይባላል። ቅጠሎቹን የሸፈነው ብርማ ፀጉር ከኃይለኛው ፀሐይና ከድርቀት ይከላከልለታል። ከ20 እስከ 90 ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። የእኛው ጅብራም እንዲሁ አንዴ አብቦ የሚሞት ነው። ሁለቱ ግን የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ አሂናሂና ከሱፍ አበባ ወገን ሲሆን የቅድመ አያቶቹ መነሻ ካሊፎርኒያ ነው። ያመሳሰላቸው ኑሯቸው ነው።

ፍየሎች ሲግጡት፣ ጎብኚዎችም ለማስታወሻ ሲነቅሉት ኖረው ተክሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ጥበቃ ሲደረግለት አገገመ። ሆኖም በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ማሽቆልቆሉን አሳይቷል። ምክንያቱ ፍየል ሳይሆን አየሩ ነው፤ ያ “ክዳን” አዘውትሮ በመደፋቱ ተራራው ይበልጥ ደርቋል። በብዛት የሞቱትም ዝቅ ባለው ስፍራ ያሉት ናቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ፍየልን በአጥር መከልከል ይቻላል፤ ደመናን ግን በአጥር መጥራት አይቻልም። ይህ የአሂናሂና ዓይነት ከሃሌአካላ ሌላ በዱር የሚበቅልበት ተራራ የለውም። ሽቅብ እንዳይሸሽ ጫፉ ቅርብ ነው፤ ዙሪያውም ባህር።

ወደዚያ የመሄድ ዕድል የገጠማችሁ ከመንገዱ አትውጡ። ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙ ስለማይርቅ በእግር መረገጥ ብቻ ይጎዳዋል።