ደስታ በሽታ ከምድር የጠፋው እንዴት ነው? ለእኛስ ምን ያስተምረናል?

ከልማት ሠራተኛ፣ ወልቂጤ

በምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን የአንድን የከብት በሽታ ታሪክ ማንሳት መረጥሁ። ይህ በሽታ ቅድመ አያቶቻችንን ለረሃብ የዳረገ ሲሆን፣ በኋላ ብዙ አገሮች ተባብረው ከምድር ገጽ አጥፍተውታል። ስለዚህ ታሪኩ የኅብረት ሥራ ታሪክም ነው።

ስሙ ደስታ፣ ሥራው ኀዘን

በሽታው በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን፣ የታመመው ከብት በኃይል ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያም ብርቱ ተቅማጥ ይይዘውና አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ከከብት ወደ ከብት የሚተላለፈው በቅርብ ንክኪ፣ በትንፋሽና ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከሆድ በሚወጣ ፈሳሽ ነው።

ወደ አገራችን የገባው በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ነው። የጣሊያን ጦር ለቀለብና ለጭነት ከውጭ ካስመጣቸው፣ ከህንድ እንደመጡ ከሚነገርላቸው ከብቶች ጋር ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበትና እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የዘለቀው «ክፉ ቀን» መጣ። ከሕዝቡ ሲሶው ያህል እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በበሬ እጦት ተስፋ እንዳይቆርጥ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል።

ለእኛ ለእንሰት አገር ሰዎች የከብት እልቂት ትርጉሙ ሌላም ገጽታ አለው። እንሰት ድርቅን የሚቋቋም ቢሆንም ያለ ፍግ ጉልበት የለውም። ፍጉ ከጎጆው ውስጥ ከሚታሰሩት ከብቶች የሚገኝ በመሆኑ፣ ላም ስትሞት ወተቱና ቅቤው ብቻ ሳይሆን የጓሮው ቆጮም እየመነመነ ይሄዳል። ስለዚህ የከብት በሽታ የከብቱ ባለቤት ችግር ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ድንበር የማያውቅ ጠላት

በሽታው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዘለቀ። ያን ጊዜ አገሮች ስለ እንስሳት በሽታ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ዓለም አቀፍ ድርጅት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ከህንድ ወደ ብራዚል በመጓዝ ላይ የነበሩ ከብቶች አንትወርፕ ወደብ ላይ ሲያርፉ በሽታው ቤልጂየም ገባ። አውሮፓውያን ደነገጡ። በማግሥቱ ዓመት ፓሪስ ላይ ጉባዔ ተጠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በ28 አገሮች ስምምነት ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለው ተቋም ተመሠረተ። ዋናው ቃል ኪዳኑ አገሮች በሽታ ሲነሣባቸው ሳይደብቁ ለሌሎች እንዲያሳውቁ ነው።

በአፍሪካ ደግሞ እንግሊዛዊው ዶክተር ዋልተር ፕሎራይት ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በተባለ ቦታ ሠርተው አስተማማኝ ክትባት አወጡ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም። በዚህ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 የአፍሪካ አገሮች የጋራ ዘመቻ አካሂደው በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይሁን እንጂ «ጠፍቷል» ተብሎ ሥራው ሲላላ፣ በጥቂት ቦታዎች ተደብቆ የቀረው ቫይረስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አገርሽቶ እንደገና ብዙ ከብት ፈጀ። የተጀመረ ሥራ ሳይጨረስ ሲቀር ድካሙ ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1986 መላ አፍሪካን ያቀፈ ሁለተኛ ዘመቻ ተጀመረ። ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ሲያመርት፣ እዚያው የሚገኘው የአፍሪካ የእንስሳት ክትባት ማዕከል የክትባቶችን ጥራት ይመረምር ነበር።

የአፋር አርብቶ አደሮች ድርሻ

ትልቁ ችግር ክትባቱ በረሃ ውስጥ በሙቀት መበላሸቱ ነበር። ማቀዝቀዣ የሌለበትና መኪና የማይደርስበት ቦታ የቫይረሱ መደበቂያ ሆነ። መፍትሔው ከሁለት ወገን መጣ። አንደኛ፣ ከማቀዝቀዣ ውጪ እስከ 30 ቀን ሊቆይ የሚችል ሙቀት ቻይ ክትባት ተዘጋጀ። ሁለተኛ፣ ከራሱ ከኅብረተሰቡ የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ከትቡ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 አፋር ውስጥ 20 የኅብረተሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች 73,000 ከብት ከተቡ። ከኅዳር ወር 1995 (እ.ኤ.አ.) በኋላ በአፋር ደስታ በሽታ አልታየም። ቀለም ያልቆጠረ አርብቶ አደር ይህን ማድረግ አይችልም ይሉ የነበሩ ብዙ ባለሙያዎች ሐሳባቸውን ለውጠዋል።

ከዚያ በኋላ ክትባቱ እንዲቆም ተደረገ። የተከተበ ከብት ደም ልክ በሽታው ይዞት እንደዳነ ከብት ምልክት ስለሚያሳይ፣ ቫይረሱ መጥፋቱን ማረጋገጥ የሚቻለው ክትባት አቁሞ የደም ናሙና በመመርመር ብቻ ነበር። በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በሽታው የታየው እ.ኤ.አ. በ2001 በኬንያ የዱር ጎሾች ላይ ነው። ሰኔ 21 ቀን 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን በይፋ ዐወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

የእኛ ተራ

ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። የደስታ በሽታ ቅርብ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ዛሬም በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 አቢጃን ላይ አገሮች ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ሊያጠፉት ዐቅደዋል። ክትባት አለው፤ አንድ ጊዜ የተከተበ በግ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል። የጎደለው የሁሉም ሰው ተሳትፎ ነው። ከመንደሩ ግማሹ አስከትቦ ግማሹ «በጌ ጤነኛ ናት» ብሎ ቢቀር፣ ቫይረሱ የአፋሩን በረሃ ያህል መደበቂያ አገኘ ማለት ነው። የወልቂጤ ገበያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኑ፣ ከሩቅ የመጣ በግና ፍየል በአንድ ቀን ከእኛው ጋር ይቀላቀላል።

ገበያንም በተመለከተ በ1993 ዓ.ም. የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በመነሣቱ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄዱ እንስሳትን አገዱ። የታመመም ያልታመመም እንስሳ አብሮ ታገደ። ከብት እናደልባለን፣ በግ ለውጭ ገበያ እናቀርባለን የምንል ከሆነ የጎረቤታችን በግ ጤና የእኛም ዋጋ ነው።

ስለዚህ ከአባላት የሚጠበቀው፦ በክትባት ቀን እንስሳን ሁሉ ማውጣት፣ የታመመ እንስሳ ለገበያ አለማቅረብ፣ አዲስ የተገዛውን ለሦስት ሳምንት ያህል ለብቻው ማቆየት፣ ምልክት ሲታይ በዕለቱ ለቀበሌው ባለሙያ መንገር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ማኅበራትም የክትባት ቀን አስተባባሪ ቢሰይሙና ዩኒየኑ ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚመድበው ገንዘብ ለክትባት ማቀዝቀዣ የሚሆን ቢያስብበት መልካም ነው። የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ደግሞ ክትባቱ በወቅቱ እንዲደርስ የነዳጅና የመጓጓዣ በጀት ቢይዙ ገበሬው የተባለለትን ቀን ጠብቆ ባዶ እጁን አይመለስም፤ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን የተመለሰ ገበሬ በሌላ ጊዜ በቀላሉ አይመጣምና።

አባቶቻችን በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌን መንገድ ሲያስቆርጡ ማንም ብቻውን አልሠራውም። ኅምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኅምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ደስታ በሽታንም ያጠፋው ይኸው መተባበር ነው። የቀረውንም በዚያው መንገድ እናጥፋው።

መልካም የምሥረታ በዓል!