ስለ ወንዶች ፓውደር፤ ታሪኩና አመራረጡ

ጠጕር አስተካካዩ ሥራውን ሲፈጽም ከመስተዋቱ ሥር አንድ ቆርቆሮ ያነሣና በለስላሳ ብሩሽ ነጭ ዱቄት በማጅራታችን ላይ ይነሰንሳል። መዓዛው ደስ ያሰኘናል፤ ምላጭ የነካው ቈዳችንም ይለሰልሳል፤ ሒሳባችንን ከፍለን እንወጣለን። ይሁን እንጂ ያ ዱቄት ከምን እንደ ተሠራ፣ ሽታውስ ከየት እንደ መጣ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ካልጠየቁት ወገን ነበርን። ነገሩን መመርመር ከጀመርን በኋላ ግን በዚያች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ የነገሥታት ኵራት፣ የድኾች ዳቦ፣ የኬሚስቶች ብልኀትና የሕፃናት ሕይወት ሳይቀር ተከማችቶ አገኘነው። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዱቄት መነስነስ የሴቶች ብቻ ሥራ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የ18ኛውን መቶ ዓመት የአውሮፓ ታሪክ አላነበበም ማለት ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ጠጕሩ ስለ ሳሳበት ሰው ሠራሽ ጠጕር ማድረግ ጀመረ፤ ልጁ ሉዊ 14ኛም ልማዱን አጸናው። ከዚያ ወዲህ በየቤተ መንግሥቱ ያሉ መኳንንት፣ ዳኞችና የጦር መኰንኖች ሰው ሠራሽ ጠጕር ማድረግን ወይም የራሳቸውን ጠጕር በዱቄት ማንጣትን የክብር ምልክት አደረጉት። ዱቄቱ ዛሬ ታልክ የምንለው ማዕድን አልነበረም፤ ከስንዴ የወጣ ስታርች ነበር እንጂ። መዓዛውንም ከብርቱካን አበባ፣ ከላቬንደርና አይሪስ ከተባለው ተክል ሥር ይሰጡት ነበር።

እህል በጠገበ ዘመን ይህን ልማድ የሚነቅፈው ብዙ አልነበረም። ነገር ግን በ1794 የእንግሊዝ አገር አዝመራ ከፋ። አገሪቱም ከ1793 ጀምሮ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ስለ ነበረች ችግሩ ጠና፤ በ1795 ዳቦ ተወደደ፤ በየከተማውም ስለ ዳቦ ሁከት ተነሣ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ለጦርነቱ ገንዘብ ለማግኘት ሲል፣ የጠጕር ዱቄት የሚጠቀም ሰው ሁሉ በያመቱ አንድ ጊኒ፣ ማለት 21 ሺሊንግ እየከፈለ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያዝዝ ሕግ አስወጣ። የንጉሡ ቤተሰብና ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ካህናት ከግብሩ ነጻ ነበሩ። ጊኒውን የከፈሉትን ሰዎች ተቃዋሚዎቻቸው፣ ጊኒ ፒግ በምትባለው ትንሽ እንስሳ ስም ይዘልፏቸው ነበር። ሌሎች ግን ሰው በሚራብበት ጊዜ ስንዴን ራስ ላይ መበተን ነውር ነው ብለው ጠጕራቸውን አሳጥረው ተቈረጡ። የዱቄቱ ልማድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተዳከመ፤ ሕጉ ራሱ ግን እስከ 1869 ድረስ ሳይሻር ቈየ። ከዚህ የምንረዳው፣ አንዳንድ ጊዜ ግብር ያላስጣለውን ልማድ ኅሊና እንደሚያስጥለው ነው።

ከስንዴው ቀጥሎ የመጣው ታልክ ነው። ስሙ ጠልቅ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የወረደ ሲሆን፣ ማዕድኑ ማግኒዚየም፣ ሲሊከንና ኦክሲጅን ከጥቂት የውሃ ክፍል ጋር ተዋሕደው የሠሩት ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪኽ ሞስ በ1812 የማዕድኖችን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሲያወጣለት፣ አልማዝን በ10 ሲያስቀምጥ ታልክን በ1 አስቀመጠው፤ በጥፍር እንኳ ይጫራልና። ገጾቹ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቀጭኑ የተነባበሩ ስለ ሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። በቈዳና በልብስ መካከል ሲገባ ፍትጊያን የሚቀንሰው ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ በ1878 በኒዋርክ ከተማ ሥራውን የመሠረተው፣ በትውልዱ ጀርመናዊ የሆነው ጌርሃርድ ሜነን፣ ቦሪክ አሲድ የተቀላቀለበትን ታልክ በቆርቆሮ እያደረገ በመሸጥ ታወቀ። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያም በ1894 የሕፃናት ፓውደር ለገበያ አወጣ። የሁለቱም የመጀመሪያ ደንበኞች ሕፃናት ነበሩ። ወንዶችን ወደዚህ ገበያ በብዛት ያመጣቸው ምላጭ ነው። ኪንግ ጂሌት የሚለወጥ ምላጭ ያለውን መላጫ በ1903 መሸጥ ሲጀምር በዚያ ዓመት የተሸጡት መላጫዎች 51፣ ምላጮችም 168 ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሚሊዮኖች ወታደሮች መላጫውን ይዘው ዘመቱ። ሰው በየቤቱ ራሱን መላጨት ሲለምድ፣ ጠጕር አስተካካዩ ይነሰንስለት የነበረው ዱቄትም አብሮ ወደ ቤቱ ገባ።

ስለ ሽታውም ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን የወንድ ሽታ የምንለው ነገር ከጥንት የወረደ ይመስለናል፤ ነገር ግን የኬሚስትሪ ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1868 ኩማሪን የተባለውን፣ እንደ ደረቀ ሣር የሚሸት ነገር በላቦራቶሪ ሠራ። በ1882 የፓሪሱ የሽቶ ቤት ኡቢጋን ኩማሪንን ከላቬንደርና ከዛፍ ሽበት ጋር አዋሕዶ “ፉዤር ሯያል” የተባለውን ሽቶ አወጣ፤ ትርጓሜውም ንጉሣዊ ፈርን ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን ፈርን የተባለው ተክል ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ዛሬ ብዙዎቹ የወንዶች ፓውደሮች የሚከተሉት ይህንኑ የፈጠራ መዓዛ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችንም ድርሻ አላት። ከእናርያና ከከፋ በቀንድ እየታሸገ ይወጣ የነበረው የጥርኝ ዝባድ፣ መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ስለሚያደርግ በአውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነበር። ሌዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ሊቅ የዝባዱን ዋና ንጥረ ነገር አሠራር በ1926 ከገለጠ በኋላ ግን ሰው ሠራሹ እየተተካ ሄደ። ለገበሬያችን ይህ የገቢ መቀነስ ሲሆን፣ በጠባብ ጐጆ ታስራ ለምትኖረው ጥርኝ ግን ዕረፍት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመለስ። በ1972 በፈረንሳይ አገር ሞራንዥ የተባለ የሕፃናት ታልክ ሲዘጋጅ ሄክሳክሎሮፊን የተባለ መድኀኒት በስሕተት ከመጠን በላይ ገብቶበት 36 ሕፃናት ሞቱ። ከዚህም ሌላ ታልክ በሚገኝበት አለት ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው ካንሰር አምጪ ማዕድን አብሮ ሊገኝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2024 ታልክን ለሰው ካንሰር አምጪ ሳይሆኑ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች ተራ መደበው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም፣ ምርቴ ጉዳት የለውም የሚለውን ቃሉን ሳይለውጥ፣ የታልኩን የሕፃናት ፓውደር በ2020 በአሜሪካና በካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በዓለም ሁሉ መሸጡን አቁሞ በበቈሎ ስታርች ተካው። ይህ ማለት ፓውደር የነሰነሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ምደባው የማስረጃውን ብርታት እንጂ የአደጋውን መጠን አይናገርምና። ነገር ግን አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ ፓውደር ስንመርጥ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ከቆርቆሮው ሥዕል ይልቅ በጀርባው የተጻፈውን እናንብብ፤ የተሠራበትን ነገርና ሠሪውን የማይገልጽ ዕቃ ርካሽ ቢሆንም አንግዛ። ሁለተኛ፣ ከታልክና ከስታርች አንዱን ዐውቀን እንምረጥ፤ ታልክ ፍትጊያን ይቀንሳል፣ ስታርች ላብን ይመጣል። ሦስተኛ፣ መዓዛው እኛን ደስ ለማሰኘት ይሁን እንጂ ቢሮውን ሁሉ ለመሙላት አይሁን። ኩማሪንን ጨምሮ ብዙ ሽቶዎች ቈዳን ሊያስቈጡ ስለሚችሉ፣ አዲሱን ፓውደር ከተላጨ ፊት በፊት በክንዳችን ውስጠኛ ወገን ላይ እንሞክረው። አራተኛ፣ ነጩ ዱቄት በጠይም ማጅራት ላይ እንደ አመድ ስለሚታይ ጥቂት ብቻ እንጠቀም፤ እርሱንም በመዳፋችን አድርገን በዝግታ እንቀባ እንጂ በአየር ላይ እየበተንን አንተንፍሰው። ከሕፃናትም እናርቀው።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር። እኛም ከመነስነስ ማንበብ ይቅደም እንላለን። የ1795 ሰዎች ራሳቸው ላይ የበተኑት የድኻ ዳቦ መሆኑን የተረዱት ሕዝቡ በረኃብ ከጮኸ በኋላ ነበር፤ የፈረንሳይ እናቶች ደግሞ በቆርቆሮው ውስጥ የነበረውን ያወቁት ልጆቻቸውን ከቀበሩ በኋላ ነው። እኛ ግን ከግዢው በፊት ለመጠየቅ ጊዜውም ፊደሉም አለን። ነገ ጠጕር አስተካካያችን ብሩሹን ሲያነሣ፣ “ወንድሜ፣ እባክህ ቆርቆሮውን አሳየኝ” ማለት ነውር አይደለም።