ሚሞሪ ሲያልቅ ማን ይሙት?

ላፕቶፕ ስታክ ሲያደርግ የሚደረገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማጥፊያውን ተጭኖ መያዝና መጸለይ። እኛም ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭነን፣ ብራውዘሩን በታብ አጨናንቀን፣ ሴቭ ያላደረግነውን ጽሑፍ በዚሁ መንገድ ቀብረናል። ኀዘኑ ሲበርድልን «ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን ታሪኩን ፍለጋ ወጣን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከቃል ነው። የሊኑክስ ከርነል ለፕሮግራሞች ካለው በላይ ሚሞሪ ቃል ይገባል። አብዛኞቹ የጠየቁትን ሁሉ ስለማይጠቀሙበት ያዋጣዋል። ሁሉም በአንዴ «ቃልህስ?» ብለው ሲመጡ ግን አንዱ ይገደላል። ገዳዩን ኮድ የጻፈው ሆላንዳዊው ሪክ ቫን ሪል ነው፤ ፋይሉ ላይ 1998 እና 2000 የሚሉ ዓመቶች ሰፍረዋል። በ2004 ሌላው ሆላንዳዊ አንድሪስ ብራወር በዚህ አሠራር ላይ ቀለደበት፦ አንድ አየር መንገድ ወጪ ለመቀነስ ነዳጅ አሳንሶ ይበራል፤ ነዳጁ ሲያንስ ተሳፋሪ ይወረውራል፤ መሐንዲሶቹም የሚጨነቁት ማን ይወርወር በሚለው ላይ ነው። ያስቃል፤ የተወረወረው የእናንተ ጽሑፍ እስኪሆን ድረስ።

የዴስክቶፑ መከራ ግን የገዳዩ መምጣት ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ከርነሉ የፕሮግራሞቹን ኮድ ከሚሞሪ እያወጣ፣ ወዲያው ደግሞ ከዲስክ መልሶ እያነበበ ይንፈራገጣል። ትንሽም ቢሆን ቦታ እስካገኘ ድረስ ለእሱ ሥራው እየሄደ ነው፤ ማውሷ መድረቋን አያይም። በነሐሴ 2019 አርቴም ታሽኪኖቭ ስዋፕ አጥፍታችሁ፣ በ4 ጊጋባይት ላይ ታብ እየከፈታችሁ ራሳችሁ እዩት ብሎ ክርክሩን ቀሰቀሰው።

የሚገርመው መለኪያው ቀድሞ መገኘቱ ነው። የፌስቡኩ ዮሃንስ ቫይነር የሠራውና በታኅሣሥ 2018 በሊኑክስ 4.20 የገባው መሣሪያ፣ ስንት ሚሞሪ ቀረ ሳይሆን በመጠበቅ ስንት ጊዜ ባከነ ብሎ ይጠይቃል። የታሰበው ግን በዋናነት ለሰርቨሮች ነበር። እኛን ለማሰብ ጊዜ ወሰደ፦ ፌዶራ በ2020 ሚሞሪው ሊያልቅ ሲል ቀድሞ የሚገድለውን ኧርሊኡም አስገባ፤ በ2021 ደግሞ ያንን መለኪያ በሚያነበው ሲስተምዲ-ኡምዲ ተካው። በ2022 ኡቡንቱ 22.04 ይህንኑ ሲከተል ሌላ እሮሮ ተሰማ፦ «ብራውዘሬ ከፊቴ ብን ብሎ ጠፋ!»

እኛ ከረጅሙ ጣር ድንገተኛውን ሞት እንመርጣለን። ግን ከመግደሉ በፊት «ሴቭ አድርጋችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?