የጦር መርከብ ፀረ አይሮፕላን መድፎችና መቆሚያዎቻቸው

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ያለፈ ዘመንን የጦር መርከብ በእንጨትም ሆነ በፕላስቲክ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ሥራው እውነተኛ እንዲሆንለት ከፈለገ አስቀድሞ የነገሩን ሥር መመርመር ይገባዋል። የመርከቧን ርዝመትና ወርድ በትክክል ለክቶ፣ ቀለሟንም አሳምሮ ቀብቶ ሳለ፣ ያቆመባት መድፍ የሌላ ዘመን ወይም የሌላ መርከብ ሆኖ ሲገኝ፣ ሥራው ለዓይን ያማረ ቢሆንም ለታሪክ ግን የሐሰት ምስክር ይሆናል። ስለዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከቦች ላይ ስለ ተተከሉት ስለ ሁለቱ ታዋቂ ፀረ አይሮፕላን መድፎች፣ ይልቁንም መድፎቹ ስለ ተቀመጡባቸው መቆሚያዎች ልዩነት በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር ታላላቆቹ የባሕር ኃይሎች የአይሮፕላንን ብርታት ገና በሚገባ አልተረዱትም ነበር። እንግሊዞች «ፖምፖም» በሚባለው መድፍ፣ አሜሪካኖችም በ28 ሚሊሜትር ባለ አራት አፈ ሙዝ መድፍና በመትረየስ ይተማመኑ ነበር። ነገር ግን ታኅሣሥ 10 ቀን 1941 ፕሪንስ ኦፍ ዌልስና ሪፐልስ የተባሉት ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ መርከቦች በማላያ ባሕር ላይ በጃፓን አይሮፕላኖች ሲሰጥሙ፣ የፖምፖሙ ጥይት እየተበላሸ ማስቸገሩ ታየ፤ የአሜሪካኖቹም 28 ሚሊሜትር መድፍ መንከስ የሚያበዛ ሆነ። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆኑት መድፎች የፈለቁት ከጦርነቱ ገለልተኛ ሆነው ከቆዩት ከሁለት አገሮች፣ ይኸውም ከስዊስና ከስዊድን መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የስዊሱ መድፍ ኦርሊኮን ይባላል፤ የአፈ ሙዙም ስፋት 20 ሚሊሜትር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህን መድፍ በኅዳር 1940 ተቀበለው። 60 ጥይት ከሚይዝ ክብ ካዝና እየጎረሰ በደቂቃ 450 ያህል ጥይት በሚደርስ ፍጥነት ይተኩሳል። ተኳሹ በትከሻ መደገፊያው ላይ ተጠግቶና በጠፍር ታስሮ መድፉን በገዛ ሰውነቱ ያዞረዋል እንጂ የኤሌክትሪክ ኃይል አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ሊተከል ቻለ። የአሜሪካኖቹ አራተኛ ዓይነት መቆሚያ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ክብ መሠረት አለው፤ በጎኑም የእጅ መዘውር አለበት፤ ተኳሹ ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲተኩስ እንዳያጎነብስ ሌላ ሰው መዘውሩን እያዞረ መድፉን ከፍና ዝቅ ያደርግለታል። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ የወጣው አሥረኛው ዓይነት ግን ከፍታው የማይለዋወጥ፣ ባለ ሦስት እግርና ቀላል ነው። አስቀድሞ የነበረው ማነጣጠሪያም የቀለበት ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ከ1942 ጀምሮ ጂሮስኮፕ ያለበት የሣጥን መልክ ያለው ማነጣጠሪያ እየተተካ ሄደ። እንግዲህ የ1942ን መርከብ የሚሠራ ሰው የ1945ን መቆሚያ ቢያቆምባት ስሕተቱ በዚህ ይታወቅበታል።

የስዊድኑ መድፍ ቦፎርስ ነው፤ ስፋቱም 40 ሚሊሜትር ነው። የኦርሊኮን ጥይት እርሳስ 120 ግራም ያህል ሲመዝን፣ የቦፎርሱ 900 ግራም ያህል ይመዝናል። አራት አራት ሆነው የተያያዙትን ጥይቶች አጉራሾች ቆመው ከላይ ያጎርሱታል። አሜሪካኖች ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ አራት አፈ ሙዝ አድርገው ሠሩት። ባለ ሁለቱና ባለ አራቱ በውሃ የሚቀዘቅዙ ስለ ሆኑ የውሃው ሽፋን አፈ ሙዛቸውን ወፍራም አስመስሎታል፤ ባለ አንዱ ግን ለምድር ጦር የተሠራውና በአየር የሚቀዘቅዘው ስለ ሆነ ቀጭን ነው፤ ከሥሩም ሞላው ይታያል። ደግሞ ባለ አራቱ ሁለት ጥንዶች ጎን ለጎን የቆሙበት ስለ ሆነ፣ በጥንዶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። አራቱንም በእኩል ርቀት መደርደር ትልቅ ስሕተት መሆኑን ልብ ይሏል። ባለ አራቱ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ሲሆን በሞተር ኃይል ይዞራል፤ ዒላማውን የሚመራውም ሰው ከመድፉ ራቅ ብሎ በተለየ ቦታ ላይ ይቆማል። ይህን የመሪውን ቦታ የዘነጋ ሠሪ መድፉን ዓይን እንደ ነሣው ይቆጠራል።

ሆላንዶች ደግሞ ከመርከብ መናወጥ ጋር የሚስተካከል፣ ሃዝማየር የተባለ ባለ ሁለት አፈ ሙዝ የቦፎርስ መቆሚያ ሠርተው ነበር። በ1940 አገራቸው በጀርመን ስትያዝ ቪለም ፋን ደር ዛን የተባለች ፈንጂ ዘርጊ መርከባቸው ይህን ይዛ ወደ እንግሊዝ ደረሰች። እንግሊዞችም ቀድተው ራዳር ጨመሩበት፤ ይሁን እንጂ ረቂቅነቱ ለብልሽት ስለ ዳረገው በኋላ የአሜሪካኖቹን አብነት የተከተለ ቀለል ያለ መቆሚያ ሠሩ። ስለዚህ በእንግሊዝ መርከብ ላይ ራዳሩ ከመድፉ መቆሚያ ጋር ተያይዞ ቢታይ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጥቅምት 1944 ጀምሮ የጃፓን አብራሪዎች ከነአይሮፕላናቸው መርከብ ላይ መውደቅ በጀመሩ ጊዜ፣ የኦርሊኮን ጥይት ቢመታም እንኳ የሚወርደውን አይሮፕላን ሰባብሮ ለማስቀረት አቅም እንዳነሰው ታወቀ። ስለዚህ በ1945 በብዙ መርከቦች ላይ ኦርሊኮን እየተነሣ ቦፎርስ ተጨመረ። የአንዲት መርከብ መልክ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእያንዳንዱም ለውጥ ውስጥ የብዙ መርከበኞች ሕይወት አለበት።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። በጥር 1944 ኦርካ ተብላ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረችው መርከብ 40 እና 20 ሚሊሜትር መድፎችን ይዛ በፊሊፒን ባሕር አገልግላለች። በ1962 ለአገራችን ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ በምጽዋ ለባሕር ኃይላችን ማሠልጠኛ ሆነች። በ1991 ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993ም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ በእጃችን ልንዳስሰውና ልንለካው የምንችለው ገላዋ የለም። ስለዚህ አምሳያዋን ለመሥራት የሚነሣ ወጣት የ1944ቱን ኦርካ ወይስ ከ1962 በኋላ የነበረችውን ኢትዮጵያን ለመሥራት እንደሚሻ አስቀድሞ ይወስን፤ የአንዱን ዘመን ፎቶግራፍ ለሌላው ማስረጃ አድርጎ አይያዝ። ያገለገሉባት መርከበኞችም በሕይወት ሳሉ ጠይቆ፣ የነገሩትን ከፎቶግራፉ ጋር አስተያይቶ ቢጽፍ፣ የሚሠራት ትንሽ መርከብ ለልጆቻችን የታመነች የታሪክ ሰነድ ትሆናለች።