ፋንታሌን ለማየት ካሰባችሁ

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥታችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ። ሳላ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ የፋንታሌ እሳተ ገሞራ አለ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ቦታውን አረንጓዴ ቀብቶ ያሳያችኋል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ግን አይነግራችሁም።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም ሜዳው የከረዩ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። በእነዚያው ዓመታት የመተሃራ ሸንኮራ እርሻ የአዋሽን ዳር ያዘ። ሰዉ ከውሃውም ከሣሩም ተገፋ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፋንታሌ ዙሪያ መሬቱ ለወራት ተንቀጥቅጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱና መሬቱ ሰላም መሆኑን አጣሩ፤ አስጎብኚም ከአካባቢው ያዙ። በድርቅ ወቅት ፓርኩ ውስጥ ከብት ካያችሁ፣ «ማን አስገባው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን አስወጣው?» ብላችሁ ጠይቁ።